ሁለት ብልቃጥ ደም

ደሞዝ የወረታ ክሊኒክ የጤና ረዳት ነበር። በ፲፱፻፹፩ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት በገባ ሰሞን፣ ጧት በር ሊከፍቱ የመጡ ሰዎች መርፌ ከሚቀቅልበት ክፍል ወለል ላይ በፊቱ ተደፍቶ አገኙት። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ከባዱ የመርፌ መቀቀያ ብረት ከአጠገቡ ተጋድሟል፤ ውኃው ፈስሶ ከደሙ ጋር ተቀላቅሏል። በሩ አልተሰበረም፤ መስኮቱ አልተነካም፤ ከዕቃውም የጠፋ አንዳች ነገር አልነበረም።

የወረዳው ፖሊስ አዛዥ ሻምበል አዛናው ሲደርስ ክፍሉ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሻምበል አዛናው ሃምሳ ዓመት የደፈነ፣ ረጅምና ጀርባው እንደ ምሰሶ የቀና ሰው ነው። በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ ቅኔ ተቀኝቷል፤ ኋላም የፖሊስ ትምህርት ቤት ገብቶ የምርመራን ሥራ ተምሯል። በሁለቱም ትምህርቱ አፍሮ አያውቅም። በዘመኑ ብዙ ሰው ጎንበስ ብሎ መሄድን ሲለምድ እሱ አልለመደም፤ በዚህም ምክንያት ከእሱ በኋላ የተቀጠሩት ሻለቃ ሲባሉ እሱ ሻምበል እንደሆነ ቀረ።

«ውጡ» አለ። ሁሉም ወጣ፣ ከአንድ ሰው በቀር።

የቀረው የፓርቲው የወረዳ ተጠሪ ጓድ አለኸኝ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ የካኪ ልብሱ ቁልፍ ከአንገቱ እስከ እጁ አንጓ ድረስ ተቆልፏል።

«ሻምበል፣ ብዙ አትድከም» አለና በጫማው ጫፍ ከአልጋው እግር ሥር አመለከተ። «ይቺን እያት። አዞ ሐረግ ናት። የመሪጌታ ገብረ ሐና ቅጠል።»

በመሬቱ ላይ አንዲት የነጠላ ቁራጭ ወድቃለች። የተወቀጠ ቅጠል ደርቆባት ጠቁሯል፤ የታሰረችበት ክር ተበጥሷል።

«ይህን ደብተራ በቅጠልና በድግምት ሕዝብ ያሳስታል ብለን ስንት ጊዜ በስብሰባ አጋልጠነዋል» አለ አለኸኝ። «ደሞዝ ዋናው ከሳሽ ነበር። እንግዲህ ሊበቀለው መጣ። የአብዮት ጥበቃ ልጆቹን ልኬ አስይዤዋለሁ፤ ካንተ ጣቢያ ነው ያለው። ነገ ቀትር ላይ የፓርቲው ኃላፊ ጓድ ደረሰ ከክፍለ ሀገር መኪና ይዞ ይመጣል፤ ይወስደዋል።»

«ወዴት?»

«ወዴት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።»

ያውቃል። በዚያ መኪና ከወረታ ተጭኖ የተመለሰ ሰው አልነበረም። ሻምበል አዛናው መሪጌታን ለማዳን ያለው ጊዜ እስከ ነገ ቀትር ነው።

ቁራጯን አንሥቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋት። ሽታው አፍንጫውን አቃጠለውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያም ገልብጦ አያት። ከውስጥ በኩል ቢጫ ውኃ ደርቆባታል፤ ስስ የቆዳ ልጥም ተጣብቆባታል። አጥፎ ከኪሱ ከተታት።

ደሞዝ በዚያ ክፍል ያደረው የሚጠብቀው ነገር ስለነበረ ነው። በክረምቱ መውጫ የወረዳው ሦስት መሪዎች፣ ጓድ አለኸኝ፣ ዋና አስተዳዳሪው ጓድ ያየህና የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ ታይቱ፣ ከይፋግ ባሻገር ያለውን የሚሊሻ ማሠልጠኛ ጎብኝተው ነበር። በሠፈሩ ሰው ዓይኑ ቢጫ እየሆነ ይወድቅ ጀመር። ሕዝቡ የወፍ በሽታ ይለዋል፤ ሐኪሞቹ ግን ጉበት የሚጎዳ፣ በተበከለ ውኃና በጋራ ዋንጫ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው አሉ። መሪዎቹ ደግሞ በዚያ ጉብኝት ጓዳዊነታቸውን ለማሳየት ከሚሊሻዎቹ ገበታ በልተዋል፤ ከዋንጫቸውም ጠጥተዋል። ሰውም ‹ባለሥልጣኖቹን ወፍ ይዟቸዋል› ብሎ ማንሾካሾክ ጀመረ። ስለዚህ የሦስቱ ደም ተቀድቶ አዲስ አበባ ይመርመር፤ ቫይረሱ የተገኘበትም ከሰው ይለይ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ደሙ በአዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት ተቀዳ። ብልቃጦቹ በበረዶ ሣጥን ተከተቱ። ደሞዝም ጧት የሚሄደውን መኪና እየጠበቀ ከሣጥኑ ጋር አደረ።

ሻምበል አዛናው ሃምሳ አለቃ አንለይን ጠራው።

«አዳራሹ ውስጥ ነበርህ?»

«ነበርሁ ጌታዬ። በሩን የጠበቅሁ እኔ ነኝ።»

«እንዴት ነበር?»

«ጓድ አለኸኝ ቀድመው ወጡ። ደሞዝ ‹ግራ ክንድዎን› ሲላቸው፣ ‹ለአብዮቱ የምሰጠው ቀኜን ነው!› ብለው ቀኝ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ። ጓድ ታይቱም ዝም ብለው ሰጡ። ጓድ ያየህ ግን…» አንለይ ሳቁን ዋጠ። «ያ ሁሉ ሰውነት መርፌዋን ሲያይ በላብ ተጠመቀ። ‹ዳግመኛ ይህን እሾህ ይዘህ ብትጠጋኝ እገድልሃለሁ!› አሉት።»

«ሰው ሰማ?»

«ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም ሳቀ።»

«ስም የተጻፈበት ፕላስተር ከብልቃጡ ላይ መቼ ተለጠፈ?»

«እዚያው፣ ደሙ እንደ ተቀዳ፤ በረዶ ሳይነካው።»

ሻምበል ሣጥኑን ከፈተ። ሦስቱ ብልቃጦች በጥጥ ተጠቅልለው ከበረዶው መካከል ተቀምጠዋል፤ በቅዝቃዜው አልቧቸዋል። አንድ በአንድ እያነሣ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው። የታይቱ ፕላስተር ከመስተዋቱ ጋር አንድ ሆኗል። የአለኸኝና የያየህ ግን ጠርዛቸው ተነሥቶ ከጣቱ ሥር ይንሸራተታሉ። ሣጥኑን መልሶ ዘጋው።

«እኔ ሳላዝ ማንም አይንካው» አለ።

መሪጌታ ገብረ ሐና ከጣቢያው ክፍል ወለል ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥምጣማቸውን ነጥቀዋቸዋል፤ ሽበታቸው ያለ ጥምጣም ሲታይ ከዕድሜያቸው በላይ አስረጅቷቸዋል።

«የኔታ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ደኅና። ቁንጫችሁ በደስታ ተቀብላኛለች። ምነው እሷን አላደራጃችኋትም?»

ሻምበል ፈገግ ሊል ቃጥቶት ተወው። ቁራጯን አወጣ። «ይህች የእርስዎ ናት?»

ሽማግሌው ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩአት። «ቅጠሉ የኔ ነው። ጨርቁም ኸኔ ነጠላ የተቀደደ ነው፤ ጥለቱን እየው።»

«ለማን ነው ያሰሩት?»

ቁራጯን መለሱለት።

«የኔታ፣ ነገ ቀትር ላይ መኪና ይመጣል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ስሙን ቢነግሩኝ መኪናው ባዶውን ይመለሳል።»

«አንተ ልጅ፣ ኸቅኔው ጉባኤ ስትወጣ ይህንንም ረሳኸው? ሰው ተሸፋፍኖ ኸደጄ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው በሽታውን ብቻ አይዶለም፤ ገበናውን ነው። አልናገርም ብዬ በማተቤ ምያለሁ። ማተቤን በጥሼ ኸመኪናው ብወርድ፣ ወርጄ ወዴት እሄዳለሁ?»

ሻምበል ይህን መልስ ሲሰማ ተናደደ፤ ኮራም። «ይሁን፣ ስሙ ይቅር። የአሠራሩን ሥርዓት ግን ይንገሩኝ። ይህስ ምሥጢር ነው?»

«ይህንማ የፎገራ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ለወፍ የሚታሰር ኸግራ ክንድ ነው፣ በውስጥ በኩል። ቅጠሉ ቆዳውን ያቆስላል፤ ቢጫ ውኃ ያቋጥራል፤ ኋላ ይፈሳል። ሲፈስ በሽታው ወጣ እንላለን።»

«ቁስሉ መቼ ይድናል?»

«ወሩ ያልፋል። ጠባሳው ግን ኸመቃብር ይወርዳል።»

«ወፍ ያልያዘው ሰው ቢያስረውስ?»

«ያው ይቆስላል። ቅጠል ምን ያውቃል?»

ጓድ ታይቱን ከጽሕፈት ቤቷ አገኛት። ቀጭን፣ ምላሷ የተሳለ ሴት ናት።

«ትናንት ወደ ክሊኒኩ ሄደው ነበር ይባላል» አላት።

«ሄጃለሁ። የማልክደውን ነገር ምን በሹክሹክታ ትጠይቀኛለህ? ሲመሻሽ ነው። ልለምነው ሄድሁ።»

«ምን ብለው?»

«ውጤቴን አስቀድሞ ለኔ ለብቻዬ እንዲነግረኝ። ልጆች አሉኝ፤ በአንድ ገበታ ነው የምንበላ። ሳቀብኝ። ‹እኔ ቀጂ ነኝ እንጂ ውጤቱ ያለ አዲስ አበባ ነው› አለኝ። ስወጣ ደኅና ነበር።»

«ሲወጡ ያዩት ሰው አለ?»

«ሰው አላየሁም። የአስተዳደሩ ላንድሮቨር ወደ በሩ ስትመጣ አየሁ። ማን እንደነዳት ግን መብራቷ ዓይኔን ይዞኝ አላየሁም።» ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሻምበል፣ እኛ ከዚያ ዋንጫ የጠጣነው ፎቶግራፍ እንዲነሣልን ነው። እነዚያ ልጆች ግን ከዚያ ሌላ ዋንጫ አልነበራቸውም።»

ላንድሮቨሯ ወደ ጓድ ያየህ አመራችው። ግዙፉ አስተዳዳሪ በቤቱ በረንዳ ተቀምጦ፣ ሁለቱንም እጅጌዎቹን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ የቀረበለትን ጥብስ ሳይነካ ያየዋል። ሻምበል ክንዶቹን ተመለከተ። ፀጉራምና ንጹሕ ናቸው።

«አይበሉም?»

«ሰሞኑን ሥጋ ይቀፈኛል። ይህ የመርፌው ነገር ነው ያስጠላኝ።»

«ደሞዝን እገድልሃለሁ ብለውት ነበር።»

«ብያለሁ! ለበሬዬም እላለሁ፣ ለሾፌሬም እላለሁ፣ ለሚስቴም ጧት ማታ እላለሁ። ስንቶቹ ሞቱ?»

«መኪናዋንስ ማታ ማን ወሰዳት?»

«ሾፌሩ ለቅሶ ደርሶበት ሐሙሲት ነው ያለ። ቁልፏ ከጽሕፈት ቤቱ ምስማር ላይ ትሰቀላለች፤ እኔም አነሣታለሁ፣ አለኸኝም ያነሣታል።»

«ጓድ ታይቱስ?»

«እሷ? ምላሷን እንጂ መኪና መንዳት አትችልም።»

ሻምበል አዛናው ተሰናብቶ በሩዝ ማሳው ጠርዝ በእግሩ ተመለሰ። ክረምቱ የተወው ውኃ ገና በሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ከላዩ የወባ ትንኝ እንደ ጢስ ይነሣል። ነገሩ በልቡ ተፈጽሟል። የሚቀረው ማሳየት ነው። የፓርቲ ተጠሪን እጅጌህን ግለጥ ብሎ የሚያዝ ሻምበል ግን በዚያ ዘመን አልተፈጠረም። በክልከላ የማይመለስ፣ በሥልጣን የማይታለፍ ነገር ፈለገ፤ አገኘም።

በማግሥቱ የደሞዝ ቀብር አልፎ፣ በሟች ግቢ ዳስ ተጥሎ ለቅሶ ተቀምጧል። ጎረቤት እዝን ይዞ መጥቷል። ለኀዘንተኛ የመጣ እዝን እምቢ አይባልም፤ ባላጋራ እንኳ ከመጣ ታጥቦ ይቆርሳል። ሻምበል ለሦስቱም መሪዎች የመበለቲቱን የጸሐይነሽን መልእክት ልኮ ነበርና ሦስቱም መጡ። ጓድ ደረሰም ከክፍለ ሀገር ደረሰ። መኪናው ከበሩ ቆመ፤ መሪጌታም እጃቸው ተጠፍንጎ ከኋላው ተጫኑ።

«ለቅሶ ሳይደርሱ ቢመለሱ ሰው ያዝናል» አለው ሻምበል። ጓድ ደረሰ ሰዓቱን አይቶ ገባ።

የእጅ ውኃ ቀረበ። ሻምበል አዛናው ማስታጠቢያውን ከአስተናጋጇ እጅ ተቀበለ። ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ ጸሐይነሽ ከተቀመጠችበት ልትነሣ ሞከረች።

«ተዪ» አላት። «ዛሬ የሟች ወንድም እኔ ነኝ።»

ለጓድ ደረሰ አፈሰሰ፤ ደረሰ ሁለት እጁን ታጠበ። ለታይቱ አፈሰሰ። ያየህ እጅጌዎቹን ወደ ላይ ሰብስቦ እስከ ክርኑ ተለቃለቀ። ከአለኸኝ ዘንድ ደረሰ። አለኸኝ ቀኝ እጁን ብቻ ዘረጋ፤ ግራው ከጭኑ ላይ አልተነሣም።

«ግራዎንም» አለ ሻምበል።

«የምበላው በቀኜ ነው።»

«ለአብዮቱ የሰጡትም በቀኝዎ ነበር። ግራዎ ምን በደለ?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ዝም አለ። ሻምበል ማስታጠቢያውን ዘንበል አደረገው። ውኃው የግራ እጅጌውን አረጠበው። አለኸኝ እንደ ተወጋ ሰው ክንዱን ሰብስቦ፣ ጥርሱን ነክሶ አቃሰተ። እርጥቡ ካኪ ከክንዱ ላይ ተለጠፈ፤ ከሥሩም አንድ ክብ ነገር አብጦ ታየ።

«ምንድን ነው ይህ?» አለ ጓድ ደረሰ።

«ደሞዝን የገደለው እጅ ነው» አለ ሻምበል፤ ማስታጠቢያውንም አስቀመጠ።



«ይህ ሰው አብዷል!» አለ አለኸኝ። «ገዳዩ መኪናው ላይ ነው! ቅጠሉ ከሬሳው አጠገብ ተገኝቷል!»

«ቅጠሉ ተገኝቷል» አለ ሻምበል፤ ቁራጯንም ከኪሱ አውጥቶ በጓድ ደረሰ ፊት ዘረጋት። «ነገር ግን ይመልከቷት። ባለመድኃኒት ለምለም ቅጠል ይዞ ይሄዳል እንጂ የተሠራበት ይዞ አይሄድም። ይህች ቁስል ላይ ውላለች፤ የቁስል ውኃና ቆዳ አለባት። የወደቀችው ከሚያክመው እጅ አይደለም፣ ከሚታከመው ክንድ ነው። ስለዚህ በዚያ ክፍል የነበረው ሰው በምሥጢር ለወፍ ያሰረ ሰው ነው።»

«ወረታ ውስጥ ያሰረ ስንት ሰው አለ!»

«ብዙ አለ። ከብዙው መካከል ግን የበረዶውን ሣጥን የሚፈልግ ማን ነው? ገዳዩ አንድም ነገር አልሰረቀም፤ ሣጥኑን ግን ከፍቷል። ስም የተጻፈባቸው ፕላስተሮች በደረቅ መስተዋት ላይ ነው የተለጠፉት። የጓድ ታይቱ ዛሬም ጥፍር አያስነሣውም። የሌሎቹ ሁለቱ ተልጠው፣ ብልቃጡ በቅዝቃዜ ካላበ በኋላ ዳግመኛ ተለጥፈዋልና አልያዙም። የጓድ ያየህና የጓድ አለኸኝ ስም ተለዋውጧል። መሪጌታ በዚህ ምን ይጠቀማሉ?»

ያየህ አፉን ከፈተ። «የኔ ደም?»

«የእርስዎ ደም። ሌላም አለ። በመኪና የመጣው ከሁለታችሁ አንዱ ነው፤ ጓድ ታይቱ አይነዱም። የጓድ ያየህን ክንዶች ትናንትም ዛሬም አይቻለሁ፤ እከክ እንኳ የለባቸውም። ጓድ አለኸኝ ግን በአዳራሽ ግራ ክንዳቸውን አልገለጡም። አንድ የመጨረሻ ነገር። ያቺ ቁራጭ ደርቃ፣ ጠቁራ፣ አልጋ ሥር ወድቃ ነበር። እኔ አሽትቼ ነው ያወቅኋት። ጓድ አለኸኝ ግን ቆመው፣ በጥቁር መነጽር እያዩ፣ አዞ ሐረግ ናት አሉኝ። ቅጠል የሚያውቅን ሰው ሁሉ በስብሰባ ሲያጋልጡ የኖሩት እሳቸው፣ ይህችን ከየት አወቋት?»

አለኸኝ ወደ ጓድ ደረሰ ዞረ። ጓድ ደረሰ ዓይኑን ከአለኸኝ እጅጌ ላይ አላነሣም። ያን ጊዜ አለኸኝ መነጽሩን አወለቀ፤ እጅጌውንም ራሱ ቀደደው። በግራ ክንዱ ውስጥ ክቡ ቁስል ቀልቶ፣ ዳሩ ተቦጭቆ ይታያል።

«ምን ላድርግ?» አለ፤ ድምፁ የስብሰባው ድምፅ አልነበረም። «በመስከረም ብርድ ብርድ አለኝ። አንድ ቀን እያሳለፈ ያተኩሰኝ ጀመር። ከዚያ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ውጭ አገር ለትምህርት ልሄድ አንድ ወር ቀርቶኛል። ወፍ ያለበትን ሰው ማን ይልካል? ያየህ እንደ በሬ ነው፣ ይህ ምን ይነካዋል አልሁ። ደሞዝ ወደ ጓሮ ሲወጣ ጠብቄ ገባሁ፤ ለወጥሁ፤ ተመልሶ ያዘኝ። ክንዴን ያዘኝ! ከቁስሉ ላይ! ሕመሙ ዓይኔን አጠፋው፤ እጄ የጨበጠውን ብረት ሰነዘርሁ።»

ጸሐይነሽ አላለቀሰችም። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታየው ነበር።

ጓድ ደረሰ ከስብሰባ በሚነሣ ሰው አኳኋን ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ።

«ይህን ሰው ለውጭ ትምህርት የመረጥነው እኛ ነን» አለ። «ፎቶግራፉ በጋዜጣ ወጥቷል። የፓርቲ ተጠሪ ደብተራ ዘንድ ታክሞ፣ ደም ለውጦ፣ ሰው ገደለ ተብሎ አይወራም። የጤና ረዳቱ በፈሰሰ ውኃ ተንሸራትቶ ወደቀ። ሞተ። ብልቃጦቹም እንዳሉ ይላካሉ።»

«ስሞቹ ተለዋውጠዋል፣ ጓድ» አለ ሻምበል።

«ተለዋውጠዋል ካልህ ማን ለወጣቸው ይባላል። እንዳሉ ይላካሉ።»

ሻምበል አዛናው ወደ ጸሐይነሽ አየ። በዳሱ ክፍተት ወደ መኪናው አየ፤ የመሪጌታ ባዶ ራስ በፀሐይ ውስጥ ይታያል። ዕድሜውን ሙሉ በቃሉ የኖረ ሰው ነበር። አሁን ግን አንድ ቃል ቢጨምር ሽማግሌው እንደማይመለሱ ተረዳ።

«ተንሸራትቶ የሞተ ሰው ገዳይ የለውም» አለ ቀስ ብሎ።

«የለውም።»

«ገዳይ ከሌለ መኪናው ላይ ያሉት ሰው በምን ታሰሩ?»

ጓድ ደረሰ ትክ ብሎ አየው። ነገሩ ገባው። «ፍታው» አለ።

«ሻምበል» አለች ጸሐይነሽ። «አንተም?»

ሻምበል አዛናው ወጥቶ ገመዱን በገዛ እጁ ቆረጠ። አለኸኝ እጅጌው እንደ ተቀደደ ከሾፌሩ ጎን፣ ከፊት ወንበር ተቀመጠ።

መሪጌታ አንጓቸውን እያሻሹ ጠየቁት። «ስሙን አልነገርሁህም። ማን ነገረህ?»

«ክንዱ።»

«አንተስ ምን ነገርሃቸው?»

«ተንሸራትቶ ሞተ ሲሉ ዝም አልሁ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። «እኔን በዚህ ዋጋ ባልገዛኸኝ።»

«የኔታ፣ እነሱ ሌላ ዋጋ አልጠሩልኝም።»

ኅዳር ሲጋመስ ውጤቱ ከአዲስ አበባ መጣ። የታይቱ ንጹሕ ነው። የያየህ ስም ያለበት ብልቃጥ ንጹሕ ነው። የአለኸኝ ስም ባለበት ብልቃጥ ቫይረሱ ተገኘ። የውጭ አገሩ ጉዞ ተሰረዘ። አለኸኝም ከሰው እንዲለይ ታዝዞ ከይፋግ ባሻገር ወዳለው የሕሙማን ድንኳን ተወሰደ። በዚያም ከሚሊሻዎቹ ጋር በአንድ ዋንጫ ጠጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ፎቶግራፍ የሚያነሣ አልነበረም። ያየህ ስለ ጤናው ሰንጋ አርዶ ወረታን ጋበዘ፤ ዋንጫውን ቀምሶ ለቀጣዩ ሰጠ፤ ዋንጫውም ዞረ። ታኅሣሥ ሳያልቅ የሱም ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ከጋበዛቸውም የብዙዎቹ።

በጥር ሻምበል አዛናው ወደ መተማ ተዛወረ። ከመሄዱ በፊት ወደ ጸሐይነሽ ቤት መጣ። ከዳሱ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር።

«አለኸኝ ሞተ» አላት።

«በምን?»

«በቫይረሱ። ከድንኳኑ ነው የያዘው።»

«ኸዚያ በፊት አልነበረበትም?»

«አልነበረበትም። የሱ ደም በያየህ ስም ነው የሄደው፤ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ብርድ ብርድ ያለው፣ አንድ ቀን እያሳለፈ ያተኮሰው፣ ቢጫም ያደረገው ይህ ሜዳ በየዓመቱ ለሁላችን የሚሰጠን ወባ ይሆናል እንጂ ሌላ አይደለም። ወደ ባልሽ ቢመጣ ኪኒን ሰጥቶ ይሸኘው ነበር።»



«እንግዲህ የፈረዱበት በደሞዝ ደም አይዶለም።»

«አይደለም። በያየህ ደም ነው።»

ጸሐይነሽ ተነሣች። የመንገድ ሰው ነውና እንጀራ አቀረበች። ማስታጠቢያውን አንሥታ ከፊቱ ቆመች። ሻምበል አዛናው ቀኝ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ዘረጋ።

«ሁለቱንም» አለችው።

ግራ እጅጌውንም ሰበሰበ። ማስታጠቢያው ባዶ እስኪሆን ድረስ አፈሰሰችለት፤ እሱም ቀና ሳይል ታጠበ።